ደውል ተደውሎ ማንም ያልወጣበት መጋዘን

ከላምበረት እስከ ጣርማ በር

ወደ ሸዋ ሮቢት የሄድኩት ደውል ላስደውል ነው። ሥራዬ የአደጋ ጊዜ ልምምድ ማሠራት ነው፤ ደውሉ ይጮኻል፣ ሠራተኛው የያዘውን ትቶ ይወጣል፣ እኔ ደግሞ ማን ዘገየ፣ የትኛው በር ጠበበ እያልኩ አያለሁ። ሙያውን የለመድኩት ጅቡቲ ወደብ ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት ነው። እዚያ ደውል ሲሰማ ክሬን ላይ ያለውም፣ መርከብ ሆድ ውስጥ ያለውም ወደ መሰብሰቢያው ሜዳ ይሮጣል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። የትም ቢሆን ሰው ደውል ሲሰማ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

የጠሩኝ ከወደብ በተሳቢ መኪና የሚመጣ ጭነት የሚራገፍበት የአንድ የግል ግቢ ኃላፊ ናቸው፤ አቶ ግርማ ይባላሉ። ግቢው ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ በካራቆሬ መንገድ ላይ ነው። በስልክ ስንነጋገር የልምምዱን ቀን ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቁኝ። ይህ የተለመደ ነው። ቀጥለው የጠየቁኝ ግን የተለመደ አልነበረም።

«ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ረዘም አድርጎ ውጭ ማቆየት ይቻላል?»

«ለምን ፈለጉት?»

«እንዲያው ነው፤ በደንብ እንዲለማመዱ ብዬ።»

ልምምድ የሚለካው በአወጣጥ እንጂ ውጭ ፀሐይ ላይ በመቆም አይደለም። ነገሩ አልጣመኝም፤ ቢሆንም እሺ ብዬ በማግስቱ ማለዳ ከላምበረት መናኸሪያ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት እየገባ ጉልበቴን ያዘኝ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ስለነበር ሹፌሩ መብራት አብርቶ፣ ጡሩምባ እየነፋ ዋሻውን በዝግታ አለፈ። ከዋሻው ማዶ ምድሩ ድንገት ወደ ታች ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ ሴቶች ቆሎ በመስኮት አቀበሉን፤ ሁለት ስኒ ገዝቼ ከጎኔ ለተቀመጠችው ሴት አካፈልኳት። የካራቆሬ ልብስ ነጋዴ ናት፤ ተጫዋች ነበረች። የምሄድበትን ግቢ ስነግራት ግን ቆሎውን ማኘክ አቆመች።

«እዚያ ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም፤ ለሥራ ነው።»

«እንግዲያስ እህቴ፣ ቦርሳሽን ከእጅሽ አትለዪ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ሌባ የበዛበት ግቢ ነው ማለቷ መሰለኝ።

ቁልቁለቱ

ከደብረ ሲና በታች ሙቀቱ እየጨመረ፣ ሰዉም ሹራቡን እያወለቀ ሄደ። ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። የእኔን ሻንጣ የከፈተው ፖሊስ በባትሪ የሚሠራውን ደውል አወጣና አገላብጦ አየው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የአደጋ ጊዜ ደውል ነው። ለልምምድ።»

«የምን አደጋ?»

«የሚመጣ ማንኛውም አደጋ።»

«ምን ይመጣል ደግሞ?» ብሎ አተኩሮ አየኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞር ብሎ ይመለከተኝ ጀመር። እዚህ መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ባለፉት ዓመታት የተኩስ ድምፅ ሰምቷል፣ ልጆቹን ይዞ ሸሽቷል፤ አደጋ የሚለውን ቃል በቀልድ አይሰማውም። መታወቂያዬንና የመሥሪያ ቤቴን ወረቀት ደጋግሞ ካየ በኋላ ለቀቀኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ግን እስክወርድ ድረስ ያናገረኝ ሰው አልነበረም።

ሸዋ ሮቢት የደረስኩት ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ነው። በመንገዱ ዳር ማንጎና ፓፓያ ተከምሯል፤ ባጃጆች በአህዮቹ መካከል ይሽሎከለካሉ። ማሾ የጫነ ጋሪ መንገዱን ዘግቶ ስለነበር የባጃጁ ሹፌር እስኪያልፍ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ። ወደ ግቢው ስንቃረብ የቀወት ወረዳ የማሽላ ማሳ ግራና ቀኙን ይዞ ነፋስ ያወዛውዘው ነበር።

ግቢው ደጃፍ እትዬ ዘሐራ የሚባሉ ሴት በላስቲክ ዳስ ሥር ሻይና ፓስቲ ይሸጣሉ። ጫኝና አውራጆቹ አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ተቀምጠው ይሳሳቁ ነበር። ሻንጣዬን ይዤ ስገባ ሳቁ ቀጥ አለ። አንዱ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«ምን አደረግኳቸው?» አልኳቸው እትዬ ዘሐራን።

«አንቺ ምንም» አሉ ብርጭቆ እያጠቡ። «ሻንጣ የያዘ እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ናቸው።»

ልምምዱ

በማግስቱ ጠዋት አቶ ግርማ ግቢውን አስጎበኙኝ። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ሲናገሩ ስልካቸውን በእጃቸው የሚያሽከረክሩ ሰው ናቸው። መጋዘኑ ሰፊ ነው፤ ከፊት አንድ ትልቅ በር፣ ከኋላ አንድ የብረት በር አለው። የኋላው በሰንሰለት ታስሮ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።

«ይህ የአደጋ መውጫ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ግን ሌባ አስቸገረን።»

«እሳት ቢነሣስ?»

«ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው» ብለው ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ።

በግድግዳው ላይ የሠራተኞቹ ቦርሳና የምሳ ዕቃ የሚቀመጥበት መደርደሪያ አለ። ሁለት ጥበቃዎች አጠገቡ ቆመዋል። በልምምድ ሰዓት ጥበቃ የሚቆመው በር ላይ ነው፤ እነዚህ መደርደሪያ ሥር ምን ያደርጋሉ? አቶ ግርማን ጠየቅኳቸው፤ እንዳልሰሙ ሆነው ስልካቸውን ማየት ጀመሩ።

ደውሉን አስደወልኩ። ከቢሮ በኩል ጸሐፊዋና ሁለት የሒሳብ ሠራተኞች ወጡ። ከመጋዘኑ ማንም አልወጣም። ገብቼ ሳይ አውራጆቹ ሥራቸውን አቁመው እያንዳንዳቸው ቦርሳቸውን ከመደርደሪያው አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ደውሉ ጆሮ ይበጥሳል። ማንም አልተነቃነቀም፤ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። ይህን ሥራ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ የሚዘገይ፣ የሚስቅ፣ ስልኩን ሊያነሣ የሚመለስ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ዝምታ ግን አይቼ አላውቅም። ደውሉን አጠፋሁት።

እኩለ ቀን ላይ እትዬ ዘሐራ ዳስ ሄጄ የአውራጆቹን አለቃ አስጠራኋቸው። ጋሼ ሰይድ ይባላሉ፤ ሃምሳውን ያለፉ፣ ትከሻቸው ሰፊ የይፋት ሰው ናቸው። ሻይ ቢቀዳላቸውም አልነኩትም።

«ጋሼ ሰይድ፣ ለምን አልወጣችሁም?»

«አንቺስ ለምን ልታስወጪን ፈለግሽ?»

«ሥራዬ ነው። አደጋ ቢመጣ እንድትተርፉ።»

«ያን ጊዜም እንዲሁ ነው ያሉን» አሉ። ቀና ብለው እትዬ ዘሐራን አዩአቸው። እትዬ ዘሐራ «ንገራት እንግዲህ፤ ምን ቀረ ብለህ ነው?» አሏቸው።

«ከረመዳን በፊት ነው። ደውል ጮኸ። እሳት ነው፣ ዕቃችሁን ትታችሁ ነፍሳችሁን አድኑ አሉን። ሮጥን። ሜዳ ላይ ፀሐይ እየጠበሰን ቆምን፤ እሳትም የለ፣ ጭስም የለ። እኛ እዚያ ስንቆም ጥበቃዎቹ ቦርሳችንን ይበረብራሉ። ስንመለስ ሦስት ልጆች ተጠሩ፤ ከቦርሳችሁ ሩዝ ተገኘ ተባሉና ተባረሩ። አንዱ ወንድሜ ነው። እስቲ ንገሪኝ እህቴ፤ ባለቤቱ በሌለበት ከቦርሳ የተገኘ ነገር የማን ነው?»

የአቶ ግርማ የስልክ ጥያቄ፣ መደርደሪያው ሥር የቆሙት ጥበቃዎች፣ የነጋዴዋ ሴት ምክር፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ልምምድ ሊያሠሩኝ አልጠሩኝም፤ በእኔ ደውል ሌላ ፍተሻ ሊያደርጉ ነው።

ቢሮ ገብቼ አቶ ግርማን ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። አልካዱም።

«ስርቆት ነበር፤ ባለቤቶቹ የሚጠይቁት እኔን ነው። ሌላ በምን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ላስወጣ?»

«ዛሬስ?»

ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፉት። ዛሬም ያው ነበር።

«እንግዲያው ሥራዬን ጨርሻለሁ» አልኩና ዕቃዬን ለመሰብሰብ ወጣሁ። ተናድጄ ነበር። ወደ ከተማ የሚመልሰኝ ባጃጅ እየጠበቅኩ ሳለሁ አንድ ተሳቢ ግቢው ገባና ጀርባውን ሰጥቶ ከመጋዘኑ የፊት በር ተጠጋ።

የኋላው በር

ተሳቢው የጫነው ኮንቴይነር ሩዝ የያዘ ነበር። መሐመድና ተክሌ የሚባሉ ሁለት አውራጆች መዝጊያውን ሲከፍቱ ሽታው እኔ ድረስ መጣ። እንደ በሰበሰ ዓሣ፣ ነጭ ሽንኩርትም የተቀላቀለበት ሽታ ነው። ወደብ ላይ አውቀዋለሁ። እህል ነቀዝ እንዳይበላው ሲጫን የሚጨመርበት፣ ጋዝ የሚያወጣ መድኃኒት ነው፤ ጋዙ ከኮንቴይነሩ በደንብ ሳይወጣ ከከፈቱት ሰው ይገድላል። በመዝጊያው ላይ የተለጠፈው የማስጠንቀቂያ ወረቀት በበረሃው ሙቀት ተላጦ ማዕዘኑ ብቻ ቀርቶ ነበር።

መሐመድ ደረቱን ይዞ ተንበረከከ። ተክሌ ማስመለስ ጀመረ። የመኪናው ሹፌር ዘሎ ወርዶ ሁለቱን እየጎተተ አራቃቸው። ነፋሱ ከፊት ወደ መጋዘኑ ውስጥ ይነፍስ ነበር፤ የፊቱን በር ደግሞ የተከፈተው ኮንቴይነር ዘግቶታል። የቀሩት አውራጆች ከጆንያው ክምር በስተጀርባ ናቸው፤ የሆነውን አላዩም።

ደውሉን ከሻንጣዬ አውጥቼ አስጮኽኩት። ማንም አልወጣም።

እየሮጥኩ ወደ ኋላው በር ዞርኩ። አቶ ግርማ ቁልፉን ይዘው መጡ፤ ሰንሰለቱን ሲፈቱ እኔ በበሩ ስንጥቅ ተጣራሁ።

«ጋሼ ሰይድ! ትዕግሥት ነኝ፣ ባለ ደውሏ! የነቀዝ መድኃኒት ነው፣ ጋዝ ነው፣ ውጡ!»

«ያን ጊዜ እሳት ነበር፤ ዛሬ ጋዝ ሆነ?» አሉ ከውስጥ።

«መሐመድ ወድቋል!»

«ውሸትሽን ነው።»

አንድ ሰው ሲያስል ሰማሁ፤ ከዚያ ሌላ። ለዓመታት ሳስተምር የመጀመሪያው ሕግ አንድ ነበር፤ ምንም አትያዙ፣ ነፍሳችሁን ብቻ። ያን ሕግ ሰምተው ነው የተታለሉት። ስንጥቁ ላይ አፌን ገጥሜ ጮኽኩ።

«ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ! ሁላችሁም፣ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ!»

ከዚያ የእግር ኮቴ ተሰማ። በሩ ተከፈተ፤ ጋሼ ሰይድ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ፎጣቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከፊት ቆመዋል። ሊወጡ እግራቸውን አንሥተው ቀጥ አሉ። አቶ ግርማ በሩ አጠገብ ነበሩ። ከኋላቸው ያሉት ሰዎችም ቆሙ።

«ከበሩ ዘወር ይበሉ!» አልኳቸው።

አቶ ግርማ አዩኝ፤ ሰዎቹን አዩ። ራቅ ብለው ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ማሽላው አዙረው ቆሙ። ያኔ አውራጆቹ እያሳሉ፣ ቦርሳቸውን አቅፈው ተግተልትለው ወጡ። ከነፋሱ መንገድ አውጥቼ ከግቢው ዳር ወዳሉት የማንጎ ዛፎች መራኋቸው። ጋሼ ሰይድ እያንዳንዱን በስሙ ጠሩ። የቀረ አልነበረም።

ሁለቱን በመኪና፣ ራሱን ያዞረውን ሁሉ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል አደረስን። መሐመድ ኦክስጅን ተደርጎለት አደረ። በማግስቱ ጠዋት ሳየው ከንፈሩ ደርቆ ነበር፤ ቢሆንም ቀና ብሎ «አልሐምዱሊላህ» አለኝ። ተክሌ ከጎኑ ተኝቶ ነበር፤ ድኗል።

መመለሻ

ልሰናበት ግቢው ስሄድ አቶ ግርማ ቢሮ ጠሩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ለባለቤቶቹ ልምምዱ ተሳካ ማለት እንችላለን?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ልምምዱ አልተሳካም፤ የወጡት ደውሉን አምነው አይደለም። ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ የፍተሻውንም ነገር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊያባብሉኝ አልሞከሩም። «ሦስቱን ልጆች ዛሬ አስጠራለሁ» አሉ። እውነታቸውን ይሁን እኔን ለመገላገል አላወቅኩም።

ከኋላው በር ላይ ሰንሰለቱ ተነሥቷል። ጋሼ ሰይድ ግን ሲነግሯቸው አላመኑም፤ ሄደው በእጃቸው ገፍተው ከፍተው፣ መልሰው ዘግተው፣ እንደገና ከፍተው አዩት። ከዚያ እኔን ሊሸኙ እስከ አስፋልቱ መጡ።

«አሁን አመኑኝ ጋሼ ሰይድ?»

«ትናንት እውነትሽን ነበር» አሉ። «የነገውን ነገ እናያለን፣ ኢንሻአላህ።»

አልከፋኝም። ጣርማ በር ላይ እንደገና ሹራቤን ለበስኩ፤ አመሻሽ ላይ አዲስ አበባ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ ጋዙ አልነበረም። ደውል የሚሠራው በባትሪ ነው እያልኩ ስንት ሰው አስተምሬአለሁ። ደውል የሚሠራው የሚደውለው ሰው ዋሽቶ ካላወቀ ብቻ ነው። አንዴ ከዋሸ ድምፁን ቢያጎሉትም ዋጋ የለውም።

በሳምንቱ ሌላ ፋብሪካ ላኩኝ። ሻንጣዬን ሳልከፍት ሠራተኞቹን ሰብስቤ፣ ኃላፊያቸውን ከክፍሉ አስወጥቼ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው፤ «ከዚህ በፊት ደውል ተደውሎ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ያኔ ምን ተደረገባችሁ?»

እርስ በርስ ተያዩ። ወንበር ስቤ መካከላቸው ተቀምጬ መልሳቸውን ጠበቅኩ።