አባቴን ቁስቋም ያደረሰው ካርታ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጎሚስታ ነበር። ከሸጎሌ በሚመጣው መንገድ ዳር ጎማ እየለጠፈ ነው ያሳደገን። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አንድ ጠዋት ግራ ጎኑ ከዳው። ስትሮክ ነው አሉን። ሆስፒታል ተኝቶ ታከመና ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን አልታዘዝ አለው። ወደ ቤቱ የተመለሰው በዊልቸር ነው።

ቤታችን ከቁስቋም ማርያም በታች፣ መኪና በማይገባበት ቅያስ ውስጥ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኗ የሚያወጣው መንገድ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ የድንጋይ ደረጃ አለው። ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን የሰፈር ሰዎች ተባብረው ከነዊልቸሩ ተሸክመው አደረሱት። ቤት ስንመለስ ግን፣

«ሁለተኛ እንዳታደርጉት» አለኝ።

«ለምን አባዬ? ደስ ብሏቸው እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ሰው በእኔ ምክንያት ሲያልበው እያየሁ እንዴት ልጸልይ?»

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ በር ላይ ተቀምጦ፣ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያው እየሰማ ያስቀድስ ጀመር። አልተማረረም። እኔን የጎዳኝም አለመማረሩ ነው።

የምሠራው የመንገድ ንድፍ በሚያወጣ ቢሮ ውስጥ ነው። ዳገትና ቁልቁለት ማስላት እንጀራዬ ነው። እና አንድ ቀን፣ ቢረዝምም ቀስ ብሎ የሚወጣ መንገድ በእነዚህ ሁሉ ቅያሶች መሃል አይጠፋም ብዬ አሰብኩ። ከሳተላይት የተወሰደ፣ ማንም በነጻ የሚያገኘው የከፍታ መረጃ ነበርና እሱን ሞከርኩ። የእኛን ግቢ፣ የጎረቤትን ግቢና መሃላቸው ያለውን መንገድ አንድ ላይ ጨፍልቆ አንድ ከፍታ ብቻ ይሰጣቸዋል። ለትልቅ ተራራ ይበቃል፤ ለአንድ ዊልቸር አይሆንም።

አጠገቤ የምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ ይህን ጭንቀቴን ታውቅ ነበር። አንድ ጠዋት ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣

«ሰማሽ? የሊዳሩ መረጃ ተለቀቀ እኮ!» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለማንም! ያስለካው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ተጭኗል። ግቢና አውርጂው፤ በቃ።»

ሊዳር ማለት፣ አውሮፕላን እየበረረ የብርሃን ጨረር ወደ መሬት ይልካል፤ ጨረሩ ነጥሮ እስኪመለስ ከሚወስደው ጊዜ የመሬቱ ከፍታ ይሰላል። ባሕር ዛፍ ቢሸፍነው እንኳ በቅጠል መሃል ሾልኮ መሬት የሚነካ ጨረር አይጠፋም። የሰፈራችን አቀበት ለጎርፍ ጥናት ተብሎ በዚህ መንገድ መለካቱን እናውቅ ነበር። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለውን መረጃ ለማየት የድጋፍ ደብዳቤ አጽፎ፣ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት ነበር፤ ያውም ከተፈቀደ። «አባቴን ቤተ ክርስቲያን ልወስድበት ነው» ብል ማን ይሰማኝ ነበር?

ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ ከሰዓቱን ሙሉ ሲወርድ ዋለ። ስከፍተው የምኖርበትን ቅያስ አወቅኩት። የውሃ መውረጃ ቦዩ፣ የደረጃው እያንዳንዱ እርከን፣ ጎረቤታችን በራቸው ላይ የደለደሏት አፈር ሳትቀር ይታያል። ለጥ ያለውን አረንጓዴ፣ ዳገቱን ቀይ ቀባሁት። አንድ አረንጓዴ መስመር ከእኛ ቤት በስተግራ ወጥቶ፣ የባሕር ዛፉን ጥግ ይዞ፣ የአቀበቱን ጎን እየታከከ ከቤተ ክርስቲያኗ በላይ ካለው መንገድ ጋር ይገናኛል።

ላፕቶፑን ቤት ወስጄ ለአባቴ አሳየሁት። ጤነኛ እጁን ዘርግቶ መስመሩን በጣቱ ተከተለና፣ «ይሄ የድሮ የእንጨት ተሸካሚዎች መንገድ ነው። እስካሁን ያለ አልመሰለኝም ነበር» አለ።

ቅዳሜ ብቻዬን ላየው ወጣሁ። ከግማሽ በላይ እንደሄድኩ ከባድ ዝናብ ወረደና ተመለስኩ። ያየሁት ግን ያስተማምን ነበር። እሑድ ጠዋት አባቴን ነጠላውን አልብሼ ይዤው ወጣሁ። ዊልቸሩን እየገፋሁ ማውራት ቻልኩ፤ ያን ያህል ቀላል ነበር። ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ግን አዲስ የቆርቆሮ አጥር መንገዱን ዘግቶ ጠበቀን።

እንባዬ መጣ። «ካርታው ላይ አልነበረም፣ አባዬ።»

«ሲለካ አልነበረማ። በሩን አንኳኪ።»

አንኳኳሁ። እጇ በሳሙና የተለወሰ ሴትዮ ከፈተችልኝና ነገሩን አስረዳኋት። እኔን ትታ አባቴን አየች።

«አባባ፣ እንደምን አደሩ? ይግቡ፤ በጓሮ በኩል በር አለ፣ ከላዩ መንገድ ያወጣዎታል።»

ውሻዋን አሰረች። ያሰጣችውን ልብስ ከገመዱ ላይ ከፍ አድርጋ ያዘችልን፤ አባቴ በሥሩ አለፈ። መሃል ላይ ግን፣ «ቁሚ» አለኝ። አንድ የእጅ ጋሪ ጎማው ተንፍሶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«ኧረ ከቆየ! የሚሠራው አጣሁ።»

«ስመለስ እናየዋለን» አላት። ከታመመ ወዲህ ያንን የሥራ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ቅዳሴው ሳያልቅ ደረስን። ከደጁ ስንገባ አባቴ ጤነኛ እጁን ከአጥሩ ድንጋይ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ። ሳልገፋው ጠበቅኩት። ሲወጣ የድሮ ደንበኞቹ ከበቡት። «በምን መጣህ?» ላለው ሁሉ፣ «ልጄ ከኮምፒውተር መንገድ አውጥታልኝ» ይላል፤ እኔ አፍሬ አቀረቅራለሁ።

ስንመለስ እሱ እየነገረኝ እኔ ጎማውን ፈታሁ፤ ከውስጡ ያለውን ከመነዳሪ አወጣን። ቀዳዳውን በውሃ ያገኘው እሱ ነው፤ የለጠፍኩት እኔ። ሴትዮዋም እስከ ዛሬ እሑድ ጠዋት ሁለቱንም በሮች ከፍታ ትጠብቀናለች።

ወሬው ሲሰማ ሌሎችም መጡ። ልጇን አዝላ ወደ ፊዚዮቴራፒ የምትመላለስ አንዲት እናት ከቤቷ እስከ ታክሲ መያዣ መንገድ እንዳወጣላት ጠየቀችኝ። ዓይናቸው የደከመ አንድ አዛውንት ደረጃ የሌለበትን ፈለጉ። ጳውሎስ ሰፈር ከሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት በቀለም እያሳተምኩ ሰጠኋቸው። ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገኝም።

ባለፈው ሳምንት ያንን ድረ ገጽ ስከፍት፣ መረጃውን ለምን እንደተጠቀምንበት የምንጽፍበት ቦታ አየሁ። አባቴን «ምን ልበላቸው?» አልኩት። በአውሮፕላን የበረሩትንም፣ ይከፈት ብለው የወሰኑትንም አንዳቸውንም አናውቃቸውም።

«ቅዳሴ ደረስኩበት በያቸው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ በይ» አለኝ።

እንዳለኝ ጻፍኩ።