ካንትሪ ባንድ ሆነን የዋልንባት ቅዳሜ

ባንዳችን አራት ሰው ነው፤ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ከበሮና ዘፋኝ። ከበሮው እኔ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስሸከም እሰነብትና ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ካለ ሰርግ፣ ክርስትና ካለ ክርስትና ነው፤ በረዶም ቢጥል ቀርተን አናውቅም። በዚያ ሰመር ግን ነገራችን ሊያበቃለት ነበር። ዲጄዎቹ ገበያውን ወስደውብን፣ እኛን የሚጠሩን እንግዳው ምግብ ሲያነሳ ብቻ ሆነ። በዕድሜ ሁላችንንም የሚያስከነዱት ጋሼ፣ ማሲንቆ ተጫዋቻችን፣ ተቀየሙ።

«እኔ ለሚያኝክ ሰው አልጫወትም» አሉ። ስካርቦሮ ቤታቸው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ምስማር መቱ፤ ከቀጣዩ ሥራ በኋላ ማሲንቆው እዚያ ይሰቀላል። ያለሳቸው ደግሞ ምን ባንድ አለ?

ስልክ የምታነሳው ዘፋኛችን ናት። አንዲት ሴትዮ ኮል አድርጋ «ካንትሪ ትጫወታላችሁ?» አለቻት። «እንዴታ! ከካንትሪ ሌላ ተጫውተን አናውቅም» ብላ እርፍ። ካንትሪ ማለት አገር አይደል? የአገር ዘፈን ነዋ!

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በቫን ከከተማው ወጣን። እኛ ነጭ በነጭ ለብሰናል። ስንደርስ የገበሬዎች ባዛር ነው፤ ላም፣ ፈረስ፣ ትራክተር፣ ሁሉም ሰው ባርኔጣና ቡትስ። መድረኩ ላይ «የቶሮንቶ ካንትሪ ባንድ» የሚል ተጽፏል። ዘፋኛችን አፏን ያዘች። እኔ ሳቄ አፍኖኝ ከበሮዬ ላይ ተደፋሁ።

«ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ሚስአንደርስታንድ አድርጌ ነው። ካንትሪ ለነሱ የገጠር ዘፈን ነው፣ የከብት ጠባቂ።»

«ታዲያ ከብት ስጠብቅ ያደግሁትን ሰውዬ ፒያሳ የተወለደ አደረግሽኝ? ክራሩን ቃኙ!»

ጀመርን። መጀመሪያ ሰዎቹ አፍጥጠው አዩን፤ ላሞቹም ጭምር። ከዚያ አንዲት አሮጊት በቡትሳቸው መሬቱን መምታት ጀመሩ። እኔም በከበሮ ተከተልኳቸው። ሰዉ ተሰልፎ በአንድ እግር መርገጥ ያዘ፤ ዘፋኛችን ወርዳ ትከሻ አስጨመረቻቸው። ከታች ቡትስ፣ ከላይ እስክስታ! እንዲህ ያለ ጭፈራ ዓይቼም አላውቅ። ማንም አያኝክም።

ጋሼ እንደ አዝማሪ ወጉ ከሰው መሀል ገብተው አንድ ግዙፍ ገበሬ ፊት ቆሙ፤

«ባርኔጣህ ሰፊ ነው፣ ያጠላል ለሁሉ፣
እኔንም አስጠጋኝ፣ ፀሐይ ነው መሀሉ!»

ገበሬው አማርኛ ከየት ይምጣለት? ግን በሳቅ እየተንፈራፈረ ባርኔጣውን አውልቆ ጋሼ ራስ ላይ ደፋላቸው። እኛ ከመድረክ ላይ እንደ ሕፃን ጮኽን። ጋሼ ባርኔጣው እስከ ቅንድባቸው ወርዶባቸው፣ ዓይናቸው ሳይታይ ማሲንቆውን ይገዘግዙታል።

ስንመለስ ግን ጋሼ ማሲንቆውን በነጠላቸው ጠቅልለው መንገዱን ሁሉ አቅፈውት መጡ። እኛም ይሰቅሉት እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራን።

በሳምንቱ ቤታቸው ሄድን። ማሲንቆው ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል። ግድግዳውን ቀና ብዬ ሳይ ባርኔጣው ተሰቅሏል።

«ምን ይገትራችኋል? ልምምድ እንጀምር እንጂ» አሉ ጋሼ። «ምስማሩ እንደሆነ ተይዟል።»