እናቴ ሽማግሌ የላከችብኝ በረራ

በደርግ ዘመን ለአንድ የእርዳታ ድርጅት መድኃኒት የምታመላልስ ትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ነበርኩ። ከኮምቦልቻ ተነስቼ ወደ ላሊበላ ሳመራ መንገዴ ላሊበላ አጠገብ ባለችው መንደራችን በገነተ ማርያም ላይ፣ በእናቴ ቤት አናት በኩል ነበር። ለእኔ ይኼ ደስታ ነበር፤ ለእናቴ ግን ውርደት ሆነባት። የላስታ ሰው በወላጁ ደጅ ሰላም ሳይል ካለፈ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ጠግቧል። ጎረቤቶቿም «ልጅሽ ዛሬም በላያችን ገሰገሰ፤ ዝቅ ብሎ እንኳ እንዴት ዋላችሁ አላለም» እያሉ ያበግኗት ጀመር።

አንድ ቀን ላሊበላ ሣሩ ሜዳ ላይ አርፌ ሞተር ሳጠፋ፣ ሁለት ሽማግሌዎች በበቅሎ መጥተው ሲጠብቁኝ አገኘሁ። እናቴ ልካቸው ነው። ሳቄ መጣ፤ እነሱ ግን አልሳቁም።

«እናትህ አዝናብሃለች» አሉኝ ታላቁ። «ሰው ለእናቱ ጎንበስ ይላል። ይኸ ያንተ በቅሎ ጎንበስ ማለት አያውቅም ወይ?»

«ያውቃል አባቶቼ። ግን ሰውና ቤት ባለበት ዝቅ ብሎ መብረር በሕግ ክልክል ነው፤ ፈቃዴን እነጠቃለሁ። ሚሊሻውም ጠላት መስዬው ቢተኩስ አልፈርድበትም። ይኼ ሁሉ ቢቀር እንኳ ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ይደፋኛል። ብወድቅ ደግሞ የምወድቀው እናንተው ላይ ነው።»

ተያዩ። «እንግዲያው አንዴ ብቻ ዝቅ በል» ብለው ፈረዱ። ሐሙስ ወደ ላሊበላ ስመለስ መንደሩ አውድማው ላይ እንደሚጠብቀኝ ነግረውኝ ሄዱ።

ሐሙስ እስኪደርስ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። አለቃዬን አልፈራም፤ እናቴን ግን እፈራለሁ። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አንዴ ዝቅ ብል እዚያ ተራራ ሥር ማን ያየኛል? ተቆጣጣሪ የለ፣ ከሳሽ የለ። የከበደኝም ይኼው ነው፤ ፍርዱ ለእኔ ለብቻዬ ተተወ።

ሐሙስ ስደርስ አውድማው በጋቢና በነጠላ ነጭ ሆኗል። ልጆች የሣር ክዳን ላይ ሳይቀር ተሰቅለዋል። እነዚያን ልጆች ሳይ ቆረጥኩ። ከፍታዬን ሳልለቅ ክንፌን ግራና ቀኝ ዘንበል ዘንበል አድርጌ አለፍኩ። በቃ፣ እናቴን በአገር ፊት አዋረድኳት አልኩ።

ላሊበላ አርፌ ከሰዓት በኋላ በቅሎ ተውሼ ወደ መንደሩ ወጣሁ። የምለምነውን ይቅርታ መንገዱን ሙሉ ስደረድር ደረስኩ። እናቴ ደጅ ቆማ ነበር። ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ ጀርባዬን ዳበሰች። ከዚያ ወደ ውስጥ ጎትታ አስገባችኝና በሩን ዘጋች።

«ሽማግሌ የላክሁትስ ጎረቤት አላስቀምጥ ብሎኝ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እነሱ ከሄዱ ወዲህ ፍርሃት ገደለኝ። ቢወድቅብኝስ አልሁ። ቃሌን ላጥፍ ደግሞ አፈርሁ። ኋላ ለማርያም ተሳልሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ልጄ ቃሌን እንዳይሰማ አድርጊልኝ፣ ጧፍ አገባለሁ ብዬ።»

ደረቴ ላይ ተቀምጦ የሰነበተው ነገር ሁሉ በአንዴ ለቀቀኝ፤ እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ ሳቅሁ።

«ከፍ እንዳልህ ስታልፍ እልልታዬን አቀለጥሁት» አለች። «መንደሩ ሰላምታው ደርሷት ነው ብሏል። እንዲያው ይበል።»

ጧፉን ከግድግዳው አወረደች፤ በነጠላዋ ሸፍና ያዘችውና አብረን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን።