ወንድሜ ሎወር ላይ የተወው ሬድዮ

መካነ ሰላም መጋዘን የሬድዮ ሠራተኛ ሆኜ የገባሁት በወንድሜ በእንድሪስ ቦታ ነው። ከሞተ ሦስት ሳምንቱ ነበር። ሌላ የሚያውቅ ስላልተገኘ፣ እሱ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ ያየሁት እኔ ተቀጠርሁ። ኃላፊያችን ጋሽ ይመር ወንበሩን አሳዩኝና «እንደሱ ብዙ አታውራ» አሉኝ። የሥራ ስልጠናዬ ይኸው ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የደሴው ቢሮ በሬድዮ ጠራን። ድምፁ የታነቀ አውራ ዶሮ ነው። አንድ ቃል አይለይም።

ምክንያቱን ወዲያው አወቅሁት። የቢሮ ሬድዮ የሚነጋገረው ሁልጊዜ በላይኛው የሞገድ ጎን ነው፤ አፐር እንለዋለን። እንድሪስ ግን የአማተር፣ ማለትም ለፍቅሩ ብሎ በሬድዮ የሚያወራ ሰው፣ ፈቃድ ነበረው። በምሳ ሰዓት ሰባት ሜጋኸርዝ ላይ ከውጭ አገር አማተሮች ጋር ስለ አንቴና ያወራል። አማተሮች ከአስር ሜጋኸርዝ በታች የሚያወሩት በታችኛው ጎን፣ በሎወር ነው። ከአስር በላይ አፐር። የሚናገረውና የሚሰማው ጎን ከተለያየ ድምፁ ይጣመማል። የጎኑን መምረጫ ሎወር ላይ እንደተወው ታመመ። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።

እኔም አልነካሁትም። መጨረሻ ያረፈበት የሱ ጣት ነው። የአርባ ቀን ሰደቃው እስኪወጣ ይቆይ አልሁ፣ በልቤ።

ለጋሽ ይመር «አንቴናው ነው» አልኋቸው።

ዘበኛችን አባ ሙሄ ሽቦውን ሊያጠብቁ ምሰሶው ላይ ወጡ። በሦስት ቀን አራት ጊዜ ወጡ። «አዛን የሚያደርገው እንኳ ይኸን ያህል አይወጣም» አሉኝ።

በአራተኛው ቀን ለአምስተኛ ጊዜ ወጥተው ሳሉ ሬድዮው ጮኸ። የደሴ ሰዓት አይደለም። ከመኪናው ሬድዮ የሚጠራን ሾፌራችን ጌታቸው መሆን አለበት፤ ማለዳ እህል ጭኖ ወደ ከላላ ሄዷል። ሌሎች ሁለት መኪኖች ሊከተሉት ግቢ ውስጥ ሞተር አስነስተዋል።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሽ ይመር።

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ እኔ ልስማልህ?»

ዶሮው እንደገና ጮኸ። አሁን የሚለምን መሰለኝ። ጣቴን መምረጫው ላይ አደረግሁ። «አፉ በለኝ» ብዬ እንድሪስን ይቅርታ ጠየቅሁት። አዞርሁት።

ዶሮው ሰው ሆነ። «ቁልቁለቱን ውሃ በልቶታል! ለጥቂት ተረፍሁ! የኋላዎቹን አቁሙ! ትሰማለህ፣ አንተ ድንጋይ?»

ሮጥሁ። የፊተኛው መኪና በበሩ ግማሹ ወጥቷል። ፊቱ ቆምሁ። ሾፌሩ እስከ ዘር ማንዘሬ ሰደበኝ፤ ግን ቆመ።

ስመለስ ጋሽ ይመር መምረጫውን እያዩ ነው። «አንቴና ነው ያልኸኝ?»

«እሱ እንደተወው... ልተወው ብዬ ነው።»

ወንበሬን ወደ ሬድዮው ገፉልኝ። «እንድሪስ ቢኖር በጥፊ ይልህ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። አባ ሙሄ ከላይ «እኔስ፣ ልውረድ ወይስ እዚሁ ልትቀብሩኝ ነው?» ብለው ጮኹ።

ሬድዮ ስትረከቡ ከመናገራችሁ በፊት መምረጫውን እዩ። ቢሮ አፐር ነው። አማተር ከአስር በታች ሎወር ነው። የተወው ማንም ይሁን ማን፣ አዙሩት።