ጋሽ ታምራትና የእድራችን ወንበር

ትናንት አንደኛ ክፍል የገባችው ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «ማሚ፣ የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እኮ ሁለቴ ተመርጦ፣ ይበቃኛል ብሎ እርሻው ገባ!» አለችኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። አውቃለሁ አልኳት። እንዴት አላውቅ! ይህን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው አንጀቴን ያሳረሩት።

ኮሮና የገባ ጊዜ ነው። ካዚኖዎቹ ተዘግተው፣ የላስ ቬጋስ ሰው ሺፍት አጥቶ ቤቱ ተቀምጧል። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ለዜግነት ፈተና አጠና ነበር። አስጠኚዬ የእናቴ አገር ልጅ፣ ታክሲ የሚነዱት ጋሽ ታምራት ነበሩ። ቤት መዋል ስለማይሆንላቸው ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ቦልደር ሲቲ ይዘውኝ ይነዳሉ። መስኮቱን ከፍተን፣ ያ የሚጋረፍ ነፋስ እየገባ፣ ማስካችንን አገጫችን ላይ አውርደን ገብስ ቆሎ እንቆረጥማለን።

«ስሚ ልጄ፣ ሥልጣን ማንም ይይዛል» ይሉኝ ነበር። «ያ ሰውዬ ትልቅ የሆነው ስለለቀቀ ነው። አገር የቆመው በዚያ ነው።»

እንባዬ ይመጣ ነበር። እኔ ባገሬ ማን ሲለቅ አይቼ!

ሰው መሞት ሲጀምር ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ያለነው አበሾች እድር አቋቋምን። ደንቡን ከጋሽ ታምራት ጋር አረቀቅን፤ ሊቀመንበር ለአንድ ዓመት ብቻ፣ ከዚያ ምርጫ። ይህችን አንቀጽ ያስገቧት ራሳቸው፣ የተመረጡትም ራሳቸው። «በሚቀጥለው ዓመት አንቺ ትወዳደሪያለሽ» አሉኝ። አመንኳቸው። ስንቱን ወጣት ለምኜ አስመዘገብኩ!

ዓመቱ ሞልቶ የምርጫው ቀን ደረሰ። ፓርክ ውስጥ ጥላ ፈልገን ተራርቀን ተቀመጥን። ድፎው ተቆረሰ፣ ሪፖርቱ ተሰማ፣ ተጨበጨበ። ስለ ምርጫው ልናገር እጄን ሳወጣ ጋሽ ታምራት ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሱ።

«ጊዜው ክፉ ነው፤ ያለው አመራር ይቀጥላል። በሉ ተነሱ፣ እንመርቅ! ያለውን ያጽናልን!»

«አሜን!» አለ ሰዉ።

«ዓመት ዓመት ያድርሰን!»

«አሜን!»

በምርቃት መሃል ማን አፉን ይከፍታል? እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ታች ሳበችው፤ እሷም አሜን እያለች ነበር። ምርቃቱ ሲያልቅ ሰዉ ወንበሩን እያጠፈ ወደየመኪናው ሄደ። አለቀ፣ ተመረጡ ማለት ነው!

እስከ መኪናቸው ተከተልኳቸው። «ጋሼ፣ ያ የለቀቀው ሰውዬስ?»

«እሱማ የሚተካው ሰው ነበረው፣ ልጄ» አሉና በሩን ዘጉት።

ዛሬም ያንገበግበኛል። ወንበሩን ቢወዱት አይገርመኝም፤ ማን ይጠላል። ግን ያን ሁሉ መንገድ አጠገባቸው አስቀምጠው ሲያስተምሩኝ፣ እኔን እንደ ሰው አልቆጠሩኝም ነበር ማለት ነው። አሁን ስብሰባ ላይ ሽማግሌ ለምርቃት ሲነሳ፣ «አንዴ ይቆዩ አባቴ፣ ምርጫው ይቅደም» እላለሁ። ባለጌ ይሉኛል። ይበሉኝ!