«ትንሽ ቻይው» የተባለች ልጅ

ፓፍ ሱስ ያስይዛል። ይህን ያልነገረኝ ሰው ካለ እስካሁን ያላገኘኝ ብቻ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ልጄ ፓፏን፣ ያንን በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒቷን፣ አፏ ላይ ስታደርግ ያየች ሴትዮ ከኋላ ወንበር ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ «እህቴ፣ ይሄን ነገር ባታስለምጃት ይሻላል፤ ልብ ያደክማል» ትለኛለች። ጎረቤቴ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ አስቁማኝ ማርና ጥቁር አዝሙድ ታዝዝልኛለች። የባለቤቴ እናት ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ልጅቷ ማሳል በጀመረች ቁጥር «ያንን መንፊያ ደብቂባት» ይሉኛል። ከመካከላቸው ሐኪም የሆነ አንድም የለም። «ምን አገባችሁ?» ብል ግን ባለጌዋ እኔ ነኝ!

ልጄ አስም አለባት፤ አራተኛ ክፍል ናት። ሐኪሟ ቁጭ አድርጋ በደንብ አስረድታኛለች። ደረቷ ሲጠብባት ወዲያው ትሳበው፣ የተዘጋውን የአየር ቧንቧ ይከፍትላታል፣ ሱስ የሚባል ነገር የለውም፣ የሚያስፈራው መዘግየቱ ነው አለችኝ። ይህ ለማን ይከብዳል?

ትምህርት ቤቷ ላፍቶ ነው፤ ከምንኖርበት ሀና ማርያም ሩቅ አይደለም። እኔ የምሠራው መካኒሳ፣ መጋረጃ ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ተማሪ መድኃኒት በኪሱ እንዲይዝ አይፈቅድም፤ መድኃኒት የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ዘንድ ይቀመጣል። እሺ፣ ልጆች ይጫወቱበታል ብለው ነው፣ ይገባኛል። ስለዚህ ዓመቱ ሲጀመር ፓፉንና ጫፉን ቆርጬ ያዘጋጀሁትን የውሃ ፕላስቲክ ይዤ ሄድኩ። ልጆቹ መምህርቷን «ሚስ» ነው የሚሏት፤ እኔም እንደዚያው ልበላት። እንዴት እንደሚወዘወዝ፣ በፕላስቲኩ በኩል እንዴት እንደምትስበው አሳየኋት። «በጠየቀችሽ ሰዓት ስጫት፤ በኋላ አትበያት» አልኳት። «ኧረ በፍጹም አታስቢ፣ እኔ እንደ ልጄ ነው የማያት» አለችኝ። መርቄያት ወጣሁ።

ዘንድሮ በበጋው ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ተቆፈረ። አቧራው የክፍሎቹን መስኮት ነጭ አልብሶት ነበር። አንድ ረፋድ ላይ የመጋረጃ ጨርቅ እየለካሁ ስልክ ተደወለልኝ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት። «ልጅሽ ትንሽ ደከም ብሏታል፣ ብትመጪና ብትወስጃት» አለችኝ። «ፓፏን ስጧት!» ብዬ ጮህኩ። «እሺ» ብላ ዘጋችው። መቀሱን እዚያው ጨርቁ ላይ ጥዬ ኮንትራት ታክሲ ውስጥ ገባሁ። እሷ እሺ ያለችው ለፓፉ ይሁን እኔን ለማሳረፍ፣ መንገዱን ሙሉ ስብሰለሰል ደረስኩ።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አስቀምጠዋታል። በሩ ዝግ፣ መስኮቱ ዝግ። እስከ አንገቷ ድረስ ጋቢ ጠቅልለውባታል፤ ከፊቷ ዝንጅብል ሻይ ይጨሳል። «ንፋስ እንዳይመታት ብለን ነው» አለችኝ ሚስ። እናንተ ሰዎች! ልጅቷ ያጣችው አየር፣ እነሱ የዘጉት መስኮት! ትከሻዋ ወደ ላይ እየተሳበ ይወርዳል፣ ጉሮሮዋ ሥር ያለው ጎድጓዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። «እማዬ» ለማለት እንኳን ሁለት ጊዜ መተንፈስ አስፈለጋት።

«ፓፉስ?» አልኩ።

«ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ።»

«ለምን አልተሰጣትም?»

«ሻዩ ያሽላት እንደሆነ ብለን...»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ ቁልፉን ለማምጣት ግን ሮጣ ነው የሄደችው። መስኮቱን በረገድኩት፣ ጋቢውን ገፈፍኩት፣ ቀና አድርጌ አስቀመጥኳት። ፓፉ ሲመጣ በፕላስቲኩ ሰጠኋት፣ ጥቂት ቆይቼ ደግሜ ሰጠኋት። ትከሻዋ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ከንፈሯ መልኩ ሲመለስ ነው እኔ ቱግ ያልኩት።

«እኔ ለእሷው ብዬ ነው» አለች ሚስ። «የእህቴ ልጅ ለምዶት ያለ እሱ ከቤት መውጣት አቅቶታል። የእሷም ሳይብስ ያለ ፓፍ መዋልን ትልመድ ብዬ እኮ ነው። ሰሞኑን በጠየቀችኝ ቁጥር ‹ትንሽ ቻይው› እላት ነበር፤ ደግሞ እየቻለችው ነበር።»

ሰሞኑን! የዛሬ ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ።

«ረሃብ ይቻላል፣ ብርድ ይቻላል» አልኳት። «አየር ማጣት እንዴት አድርጎ ነው የሚቻለው? እስቲ አንቺ አፍንጫሽን ያዢና ቻይው!»

ጩኸቴን ሰምተው ዳይሬክተሩ ገቡ። ነገሩን እንኳን ሰምተው ሳይጨርሱ፣ «በሉ እንግዲህ፣ ሚስም ክፉ አስባ አይደለም፤ ሁለታችሁም እናት ናችሁ፤ ተሳሳሙና ይለቅ» አሉ። ወይ ጉድ! ልጄ ገና ትንፋሿ አልተመለሰ፣ እኔ የምሳሳመው ምን ለማክበር ነው? አልሳሳምም አልኩ። ሚስ አለቀሰች፣ ዳይሬክተሩን ተከትላ የገባችው ጸሐፊ ከንፈሯን መጠጠች፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ጨካኟ እኔ ሆኜ ቀረሁ። ፓፉ ከዛሬ ጀምሮ በልጄ ኪስ ካልሆነ እኔ ራሴ ከጎኗ ዴስክ ላይ ተቀምጬ እውላለሁ ስላቸው ነው ዳይሬክተሩ እሺ ያሉት። ጯሂ ወላጅ ናት እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ይበሉኝ።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። በጭንብል የሚሳብ መድኃኒት ሰጧት፣ ደረቷን አዳመጡ፣ ደህና ናት አሉን። ስንወጣ ልጄ እጄን አልይዝ አለችኝ። አኩርፋለች!

«ሚስ ላይ ለምን ጮህሽባት?» አለችኝ።

«መድኃኒትሽን ስለከለከለችሽ ነዋ።»

«አልከለከለችኝም። ሳልጠይቅ ስውል እኮ ታስጨበጭብልኛለች።»

መንገድ መሀል ቆምኩ። ቀስ እያልኩ ጠየቅኳት። ፓፏን ሳትጠይቅ በዋለች ቀን፣ ከመለቀቃቸው በፊት ሚስ ከፊት ታወጣትና፣ «ጎበዝ ናት፣ ዛሬም ችላዋለች፣ አጨብጭቡላት» ትላለች። ክፍሉ በሙሉ ያጨበጭባል። ልጄ በሒሳብ ተጨብጭቦላት አያውቅም፣ በሩጫም አያውቅም።

«ዛሬስ ያን ያህል ሲጨንቅሽ አልጠየቅሻትም?»

«እጄን አውጥቼ ነበር» አለች። «ሚስ ሳታየኝ መልሼ አወረድኩት።»

ደሜ ፈላ፣ ግን የምጮህበት ሰው አጠገቤ አልነበረም። ለልጅ ትንፋሽ ማጣትን በጭብጨባ ያስተማረ ሰው ምን ይባላል? ክፉ እንዳልላት እውነትም ክፉ አይደለችም፤ ይሄ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። ክፉ ብትሆን ልጄ ትጠላት ነበር። አሁን ግን ትወዳታለች፣ ታምናታለች፤ እኔና ሐኪሟ ተደምረን የአንዲት ሚስን ያህል አልሆንንላትም።

ፓፉ አሁን ኪሷ ውስጥ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከሱቅ ስትመለስ ቆየችብኝና በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ደረጃው መሀል ላይ ተቀምጣለች፤ ደረቷ ሲያፏጭ እላይ ድረስ ይሰማኛል። እጇ ኪሷ ውስጥ ነው፣ ፓፉን ጨብጣዋለች፣ አላወጣችውም። ወርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መቆጣት አማረኝ፣ ግን ዋጥኩት።

«ሳቢው እንጂ፣ የኔ እናት» አልኳት።

አወጣችው። ወዘወዘችው። ከዚያ ወደ ላይኛው ፎቅ ቀና ብላ አየች፣ ወደ ታችም ጎንበስ ብላ አየች፤ የሚመጣ ሰው አለመኖሩን ካረጋገጠች በኋላ ነው አፏ ላይ ያደረገችው።