በአክስቴ ስም ያነበብኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናቴም፣ ለዶርም ጓደኞቼም። የመጀመሪያ ሰሚዎቼ እናንተ ናችሁ።

የቋንቋ ጥናት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን የአገራችንን ሰው ንግግር ቀድተን «ተ» እና «ጠ» በአፉ ውስጥ በምን እንደሚለያዩ እንድንለካ አዘዘን። እኔ አክስቴን ዘሃራን መረጥኩ። ዘጠኝ ዓመት ጂዳ ሠርታ ተመልሳ፣ አሁን ሐይቅ ዳር ዓሣ ትጠብሳለች። በቀጠርኳት ቀን ሥራዋን ዘግታ፣ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀችኝ።

«አክስቴ፣ የሚቀዳው እኮ ድምፅሽ ነው!» ብዬ ሳቅኩ።

«እና ድምፄ ዘይት በነካው ልብስ ዩኒቨርሲቲ ይግባ?» አለችኝ። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብላ የመረጥኩላትን ቃላት ማለት ጀመረች።

ግቢ ተመልሼ በኮምፒውተር ስለካው የመማሪያ መጽሐፋችን የሚለው አልወጣም። መጽሐፉ «ጠ» ሲባል ጉሮሮ ተዘግቶ የሚወጣው ፍንዳታ ነው የሚለየው ይላል። የእሷ ፍንዳታ ግን ለስላሳ ነበር፤ ከ«ተ» ጋር ተቀራረበብኝ። ታዲያ ምን አደረግኩ? የጂዳ ኑሮ አፏን አበላሽቶታል አልኩ። እኔ! እሷን እየሰማሁ አፌን የፈታሁት እኔ! ቃላቱን ራሴ እንደ መጽሐፉ አስረግጬ አነበብኩ፤ ድምፄን ቀድቼም በስሟ አስገባሁ። ቢስሚላህ አላልኩም፤ ለውሸት አይባልማ።

ጥሩ ውጤት አገኘሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መምህሩ ክፍል ውስጥ፣ «ሰው ሁለቱን ድምፆች ካላምታታ ልዩነቱ የሆነ ቦታ አለ፤ ፈልጉት። አፉ ከመጽሐፉ ሠንጠረዥ ካልተስማማ ሠንጠረዡን አርሙ» አለ። ሮጬ ሄጄ የአክስቴን ቅጂ ከፈትኩ። ልዩነቱ እዚያው ነበር፤ ከ«ጠ» ቀጥሎ ባለው አናባቢ መነሻ ላይ ድምፅዋ ጠበብ፣ ሻከር ይላል። አፏ ምንም አልጎደለበትም ነበር። ጆሮዬማ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቀው ነበር። ለምን አላመንኩትም?

በደወልኩላት ቁጥር፣ «ሐዩዬ፣ ተማሩብኝ ወይ?» ትለኛለች።

«አዎ አክስቴ፣ ወደዱሽ» እላታለሁ። ለዓሣ በላተኛው ሁሉ ታወራዋለች አሉ።

ሰኞ መምህሩ ቢሮ ገብቼ እውነተኛውን ቅጂ እሰጠዋለሁ። ውጤቴን ይሰርዘው። የከበደኝ ቅዳሜ ነው፤ ሐይቅ ዳር እሷ ጋ እሄዳለሁ። አክስቴ፣ ነገሩን ሳልጨርስ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» እንደምትይኝ አውቃለሁ። እባክሽ ቶሎ አትበይኝ። መጀመሪያ በስምሽ ያነበብኩትን ስሚው።